ድርቆሽ የሌለበት የድርቆሽ ጋሪ

«የድርቆሽ ጋሪ» ተብሎ ዓለም የሚያውቀው ሥዕል ላይ ጋሪው ባዶ ነው። ሰዎች ተቀምጠውበታል፣ ሦስት ፈረሶች ተጠምደውለታል፣ መንኮራኩሮቹ ወንዝ ውስጥ ገብተዋል፤ ጭነት ግን የለም። ይህን ሥዕል በቀን መቁጠሪያ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ወይም በሻይ ትሪ ላይ ያየው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ባዶነቱን ልብ ያለው ግን ብዙ አይመስለኝም። ስሙ ዓይናችንን ቀድሞ ጋሪውን ይጭነዋል።

ስለ ድሮ የእርሻ ጋሪ ሥዕሎች የምለው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ባዶ ጋሪ ነው። የገጠር ናፍቆት የሚሸጥበት ሥዕል ሞልቷል፤ ወተት አመላላሽ ጋሪ፣ ዱባ የጫነ ጋሪ፣ በረዶ ውስጥ የቆመ ቀይ ጋሪ። አብዛኞቹ ጋሪውን እንደ አበባ ማስቀመጫ ነው የሚያዩት፤ ያምራል፣ ይቀመጣል፣ በቃ። ጥቂቶቹ ግን ጋሪው ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ የቱ ጋ እንደሚሰበር ያውቃሉ። ሁለቱን ለመለየት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። መንኮራኩሩን ማየት ይበቃል።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሥዕሉ። ሠዓሊው ጆን ኮንስታብል ነው፤ በ1776 እንግሊዝ አገር፣ ሳፎክ ውስጥ ኢስት በርግሆልት በምትባል መንደር ተወለደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ጎልዲንግ ኮንስታብል በስቱር ወንዝ ላይ የፍላትፎርድንና የዴዳምን ወፍጮዎች ይዞ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ጭነቱ በጀልባ ወንዙን ይዞ ወደ ሚስትሊ ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያ «ቴሌግራፍ» በተባለችው የቤተሰቡ መርከብ ለንደን ይገባል። ስለዚህ ይህ ሠዓሊ ገጠሩን የሚያውቀው እንደ ሽርሽር ቦታ አይደለም፤ እንደ ጭነት መስመር ነው። እህል በምን ተጭኖ በየት በኩል እንደሚወጣ እየሰማ ያደገ ልጅ ወንዝ ሲስል ውሃው ላይ የሚያልፈውንም ይስላል። ከ1819 እስከ 1825 በሣላቸው ስድስት ትላልቅ የስቱር ሸራዎች ላይ ዓይን የሚገባው ሥራው ነው፤ ጀልባ የሚጎትት ፈረስ፣ የውሃ በር የሚከፍት ሰው፣ ወንዝ የሚሻገር ጋሪ።

የድርቆሹ ጋሪ ከስድስቱ ሦስተኛው ነው። ሸራው 130.2 በ185.4 ሴንቲሜትር ነው፤ ከአንድ ሰው አልጋ ብዙም አያንስም። በ1821 በለንደን የሮያል አካዳሚ ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ስሙ «መልክዓ ምድር፦ ቀትር» ነበር። ጋሪው ርዕሱ ውስጥ የለም። ዛሬ የምንጠራበት ስም ከወዳጁ ከቄስ ጆን ፊሸር የመጣ ነው። ሥዕሉ በዚያ ኤግዚቢሽን ገዢ አላገኘም። ከሦስት ዓመት በኋላ አሮውስሚዝ የተባለ ነጋዴ ገዝቶ ፓሪስ ወሰደው፤ «ሳሎን» በተባለው የፓሪስ የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይም በ1824 ከንጉሥ ሻርል አሥረኛ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ለንደን ወዳለው ናሽናል ጋለሪ የገባው ሄንሪ ቮን በ1886 በስጦታ ሰጥቶት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህ የበጋ ቀትር የተሣለው በለንደን፣ ኬፕል ጎዳና ላይ ባለ ቤት ውስጥ፣ በአብዛኛውም በክረምት ነው። ፊቱ ወንዝም መስክም የለም፤ ያለው የዓመታት ንድፍና ትዝታ ነው። በስተግራ የሚታየውን የገበሬውን የዊሊ ሎትን ቤት ከወጣትነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ሥሎታል፤ እሱን ከንድፎቹ አወጣው። ሰማዩን ያውቀዋል። ውሻውን ከሌላ ንድፍ ማምጣት ይቻላል። ጋሪው ላይ ሲደርስ ግን ትዝታውን አላመነም። በወንድሙ በአብራም በኩል ወደ መንደሩ ልኮ አስጠየቀ፤ ጆኒ ደንቶርን የተባለው የመንደሩ የቧንቧና የመስታወት ሠራተኛ ልጅ የመኸር ጋሪውን በዝርዝር ሥሎ በ1821 መጀመሪያ ላከለት። የአባቱን ወፍጮ ጋሪዎች እያየ ያደገ ሰው ነው እንግዲህ ይህን የሚያስጠይቀው። ናፍቆት ቀለሙን ያስታውሳል፣ ጠረኑን ያስታውሳል፤ የጎኑ እንጨት ስንት እንደሆነና የቱ ጋ እንደሚታሰር ግን ይረሳል። ኮንስታብል ይህን አውቆ ላከ። የብስኩት ቆርቆሮ ሠዓሊዎች አይልኩም።

መንኮራኩሩን ጠጋ ብለን እንየው። የድሮ እንግሊዝ የእርሻ ጋሪ መንኮራኩር የሦስት ዛፎች ሥራ ነው። መካከሉ፣ ጋራዥ ውስጥ ሞዞ የምንለው እምብርት፣ ከኤልም ይጠረባል፤ የኤልም ጭረት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ ዙሪያውን ሲበሳሳ አይሰነጠቅም። ራጂዎቹ፣ እምብርቱን ከዙሪያው የሚያገናኙት ዘንጎች፣ ከኦክ ናቸው፤ በመጋዝ የተቆረጡ ሳይሆኑ በሽብልቅ የተፈለጡ። መጋዝ የእንጨቱን ጭረት አቋርጦ ያልፋል፣ ሽብልቅ ግን ጭረቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ከላይ እስከ ታች ያልተቆረጠ ዘንግ ይሰጣል። ዙሪያው፣ ቸርኬው ማለት ነው፣ ከአሽ ይሠራል፤ ሲመታ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ለሞፈርና ለእርፍ አንድ ዓይነት እንጨት የማይቆርጥ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም።

ቸርኬው አንድ ወጥ አይደለም። ቅስት ቅስት ሆነው የተጠረቡ ቁርጥራጮች በእንጨት ካስማ እየተያያዙ ክብ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ራጂ ይቀበላል። ስድስት ቁራጭ ከሆነ ራጂው አሥራ ሁለት ነው፤ አምስት ከሆነ አሥር። ስለዚህ ሥዕል ላይ ራጂ ቁጠሩ። አሥራ አንድ ወይም ዘጠኝ ካገኛችሁ ሠዓሊው መንኮራኩሩን ከፀሐይ ጨረር ነው የቀዳው። (ይህን ልማድ አንዴ የጀመረ ሰው የምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ሁሉ ያስቆመዋል፤ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ።)

ከዚያ የብረቱ ቀለበት ይመጣል። አንጥረኛው እጀታ ያለው ትንሽ ክብ መለኪያ በቸርኬው ዙሪያ አንከባሎ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል፤ በዚያው መለኪያ ብረቱን ይለካና አሳጥሮ ይቆርጣል። ቁመቱ 1.20 ሜትር የሆነ መንኮራኩር ዙሪያው 3.77 ሜትር ገደማ ነው፤ ቀለበቱ ከዚህ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ያንሳል። በእሳት ቀልቶ ሙቀቱ በ700 ዲግሪ ያህል ሲጨምር ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ይለጠጣል። በመቆንጠጫ አንስተው እንጨቱ ላይ ይጥሉታል፣ በመዶሻ ያወርዱታል፤ እንጨቱ መጨስ ስለሚጀምር ወዲያው ውሃ ይደፋበታል። ብረቱ ሲኮማተር መጋጠሚያዎቹ እየተንቋቁ ይዘጋሉ። ብረቱ ከልክ በላይ ካጠረ ራጂዎቹ ይጎብጣሉ ወይም ቸርኬው ይጨፈለቃል። ረዝሞ ከቀረ ደግሞ በመጀመሪያው ደረቅ በጋ መንገድ ላይ ወልቆ ለብቻው ይንከባለላል። በኮንስታብል ዘመን ብዙ የገጠር ጋሪዎች ሙሉ ቀለበት አልነበራቸውም፤ የተቆራረጡ የብረት ጠፍጣፋዎች በየመጋጠሚያው ላይ በወፍራም ምስማር ይመቱባቸው ነበር።

የሠዓሊዎች ትልቁ ወጥመድ ግን ሌላ ነው፤ መንኮራኩሩ ጠፍጣፋ አለመሆኑ። እምብርቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ቸርኬው ወደ ውጭ ወጣ ያለ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ምክንያቱ የፈረስ አረማመድ ነው። ፈረስ ሲራመድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከኋላው ያለው ጭነትም አብሮ እየተወዛወዘ እምብርቱን ወደ ውጭ ይገፋል። መንኮራኩሩ ጠፍጣፋ ቢሆን ራጂዎቹ በዚህ ግፊት ከቀዳዳቸው ይላላሉ። ሳህን ሲሆን ግን ግፊቱ ሳህኑን ለማንጠፍ ይሞክራል፤ ሳህን እንዲነጠፍ ዙሪያው መስፋት አለበት፣ የብረቱ ቀለበት ደግሞ እንዲሰፋ አይፈቅድለትም። አክስሉ፣ መንኮራኩሮቹ የሚዞሩበት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ታች ስለሚጎብጥ መሬት የነካው ራጂ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ላይኛው ደግሞ ወደ ውጭ ይንጋደዳል። ከኋላ የታየ ትክክለኛ ጋሪ መንኮራኩሮቹ ከላይ የተበረገዱ ይመስላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ሠዓሊው ተሳሳተ» ይላል። የተሳሳተው ቀጥ አድርጎ የሣለው ነው።

በጋ ሲሆን እንጨቱ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፤ ብረቱ ይላላል፣ ራጂው በቀዳዳው ውስጥ ይንቋቋል። ያኔ ጋሪው ወደ ኩሬ ወይም ወደ ወንዝ ይነዳል። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ መጋጠሚያውም ይጠብቃል። በእርግጥ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ብዙ አይጠቅምም፤ ሌሊቱን ማሳደር ይሻላል። ፈውስም አይደለም። ያበጠው እንጨት ብረቱ ሥር ተጨፍልቆ፣ ተመልሶ ሲደርቅ ከበፊቱ ይልቅ ይላላል፤ ደጋግሞ ሲነከር መጨረሻው አንጥረኛው ቤት ነው። ይህን ይዘን ወደ ሥዕሉ እንመለስ። ቀትር ነው፣ የድርቆሽ ወቅት ነው፣ ጋሪው ውሃ ውስጥ ነው። ለጋሪ ነጂ ይህ አንድ አቀማመጥ ሦስት ነገር ይነግረዋል፦ መሻገሪያ ነው፣ ለፈረሶቹ እግር ማቀዝቀዣ ነው፣ ለደረቀው እንጨትም መጠጥ ነው። ለብስኩት ገዢ ውብ ወንዝ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አንደኛው ግን ብዙ ያያል።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። የባለ አራት እግር ጋሪ የፊት መንኮራኩሮች ከኋላዎቹ ያንሳሉ፤ ጋሪው ሲታጠፍ በአልጋው ሥር መግባት ስላለባቸው ነው። አራቱም እኩል ከሆኑ ያ ጋሪ የገበሬ ግቢ ውስጥ ለመዞር ሜዳ ያስፈልገዋል። ፈረሱ የሚጎትተው በአንገቱ አይደለም፤ ትከሻው ላይ የሚያርፍ ወፍራም የቆዳ ቀለበት ይጠልቅለትና ያንን ይገፋል፤ ከቀለበቱ እስከ ጋሪው ደግሞ ያልተቋረጠ ሰንሰለት ወይም ጠፍር አለ። ሥዕሉ ላይ ያንን መስመር በጣታችሁ ተከተሉት። መሃል ላይ ከጠፋ ፈረሱና ጋሪው እንዲሁ በአንድ መንገድ የሚሄዱ ጎረቤታሞች ናቸው። የልጓም ገመድ አለመኖር ብቻውን ግን ስህተት አይደለም፤ እንግሊዝ አገር የእርሻ ጋሪ ነጂ ብዙ ጊዜ ከፈረሱ በስተግራ በእግሩ እየሄደ በድምፅ ነበር የሚያዘው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያናድደኝ የድርቆሽ ቀለም ነው። የናፍቆት ሥዕል ላይ ድርቆሽ ሁሌም ወርቃማ ነው። ወርቃማው ገለባ ነው እንጂ ድርቆሽ አይደለም! ድርቆሽ ሣሩ ሳይጃጅ ታጭዶ፣ በፀሐይ ተገላብጦ የደረቀ ነው፤ ጥሩ ከሆነ አረንጓዴነቱ አይለቀውም፣ ግራጫ ቀረብ ያለ አረንጓዴ ነው። ወርቅ የመሰለ ድርቆሽ ወይ ከልክ በላይ በፀሐይ የቆየ ነው፣ ወይ ዝናብ አግኝቶት እንደገና የደረቀ። በደንብ ሳይደርቅ የተከመረ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ይሻግታል፣ አንዳንዴም ከራሱ እሳት ያስነሳል። አውድማ ያየ የደብረ ብርሃን ወይም የደብረ ማርቆስ ልጅ ጭድንና ድርቆሽን በጠረናቸው ይለያል፤ ሠዓሊው በቀለም እንኳ ካልለየ ምን ይባላል?

የወተት ጋሪም የራሱ ውሸት አለው። በአሜሪካ የናፍቆት ሥዕሎች ላይ ትልቁ የወተት ጣሳ ሁልጊዜ በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ነው የሚታይ፤ አንዳንዴም አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ፈገግ ብሎ ወደ ጋሪው ሲያነሳው። የተለመደው ትልቁ ጣሳ አሥር ጋሎን ይይዛል፣ 38 ሊትር ገደማ። ወተቱ ብቻ 39 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ጣሳው ሲጨመር 50 ኪሎ ይጠጋል። የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ክብደት ማለት ነው። እውነተኛ ሥዕል ከሆነ ሰውየው ጣሳውን ወደ አንድ ጎኑ አጋድሎ በግርጌው ጠርዝ እያንከባለለው ነው፤ ወይም ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ጆሮው ይዘውታል፤ ወይም ግቢው በር ላይ ከጋሪው አልጋ ጋር እኩል የሆነ መደብ አለ። መደቡን የሣለ ሠዓሊ ወተት ያመላለሰ ሰው አነጋግሯል ብዬ አምናለሁ። በከተማው የወተት ጋሪ ላይ ደግሞ የምፈልገው ባዶ መቀመጫ ነው። ፈረሱ ደንበኞቹን በቤታቸው ያውቃል፤ ሰውየው ጠርሙስ ይዞ ደጃፍ ላይ ሳለ ፈረሱ ለብቻው ወደ ቀጣዩ በር ይራመዳል። ነጂው ልጓም ይዞ ቀጥ ብሎ የተቀመጠበት ሥዕል የሰልፍ እንጂ የሥራ አይደለም።

ይህን ሁሉ ናፍቆት በብዛት ወደ ቤት ያስገባው ርካሽ ኅትመት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ናትናኤል ከሪየር በ1834 የጀመረው፣ ጄምስ አይቭስ በ1857 ባለድርሻ ሆኖ የገባበት ከሪየርና አይቭስ የተባለው ማተሚያ ቤት በ1907 እስኪዘጋ ድረስ ከ7,000 በላይ የተለያዩ ሥዕሎችን በድንጋይ አትሟል። የእርሻ ቤት፣ በረዶ፣ ጋሪ፣ በሬ። ቀለሙን የሚቀቡት በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ሰማያዊ ብቻ፣ ሌላዋ አረንጓዴ ብቻ እየቀቡ ወረቀቱን ወደ ቀጣይዋ ያሳልፉታል። የገጠር ሰላም የተመረተው በፋብሪካ መስመር ነው። ይህ አያስቀይመኝም። የሚያስቀው ገዢው ሥዕሉን የሚገዛው ከፋብሪካ ለመሸሽ መሆኑ ነው።

ኮንስታብልም ያልሣለው ነገር አለ። የናፖሊዮን ጦርነት በ1815 ካበቃ በኋላ የእህል ዋጋ ወደቀ፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ሠራተኛ ሥራ አጣ፣ የመውቂያ ማሽንም ክረምቱን በውቂያ የሚያገኛትን ቀለብ ወሰደበት። በምሥራቅ እንግሊዝ በ1816፣ እንደገናም በ1822 ማሽኖች ተሰባበሩ፣ ክምሮች ተቃጠሉ። ወንድሙ አብራም እሳት የማይታይበት ሌሊት እንደሌለ የጻፈለት ሥዕሉ ከታየ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ሸራው ላይ የሚወጣው ጭስ ግን ከዊሊ ሎት ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ሰውየውን ውሸታም አልለውም። ጋሪውን በትክክል አስጠይቆ የሣለ ሰው የጋሪ ነጂውን ደመወዝ አለመሣሉን ግን አብሮ ማወቅ ደግ ነው። ለዕቃ መታመን እና ለሰው መታመን ሁልጊዜ አብረው አይመጡም።

ያንን ባዶ አልጋ አይቶ የጫነበት ሰው አለ። ፒተር ኬናርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1980 የሥዕሉን ቅጂ ወስዶ ጋሪው ላይ የክሩዝ ሚሳይሎች ከመረበት፤ አሜሪካ ሚሳይሎቿን በእንግሊዝ ገጠር ልታስቀምጥ የተወሰነበት ጊዜ ነበር። ከኮንስታብል የተረፈ ቦታ ባይኖር ኖሮ ያ ሥራ እንዲህ አይገጥምም ነበር። በሐምሌ 2022 ደግሞ ሁለት የአየር ንብረት ተሟጋቾች ወንዙ መንገድ ሆኖ፣ ሰማዩ አውሮፕላን ሞልቶት የሚታይበትን ወረቀት ዋናው ሥዕል ላይ ለጥፈው እጃቸውን በሙጫ ከክፈፉ ጋር አጣበቁ። የመጀመሪያው ይሻለኛል። ኬናርድ ጋሪው ለምን እንደተሠራ ገብቶታል፤ ለመጫን።

ለእኛስ? በደጋው አገር ድርቆሽ የሚጓዘው በአህያ ነው፤ ከርቀት ሲታይ አራት እግር ያበቀለ ክምር። ገደልና ዳገት መንኮራኩርን አላስጠጋም። ብዙ ትውልድ ሠረገላን ያየው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው፤ ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ፣ የፈርዖን ሠረገሎች ቀይ ባሕር ሲውጣቸው። አፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን የሚጠጋውን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ አስቀድሞ መንገዱ ራሱ መቆፈር ነበረበት። የከተማው ጋሪ፣ የባሕር ዳሩም የሐዋሳውም የቢሾፍቱውም፣ የመኪና ጎማና ኩችኔታ ለብሶ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ሳህን የመሰለ መንኮራኩር አላስፈለገውም። የእኛን ጋሪ በናፍቆት የሚስል ሰው ከውጭ ካርድ ላይ የእንጨት ራጂ መቅዳት የለበትም። ይልቅ ሚዛኑን ይሣል። ባለ ሁለት እግር ጋሪ ላይ ጭነቱ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ማድላት አለበት። ወደ ኋላ ካደላ የጋሪው እጆች ወደ ላይ ተነስተው የሆዱ ጠፍር ፈረሱን ያንጠለጥለዋል፤ ከልክ በላይ ወደ ፊት ከሆነ ደግሞ ጀርባውን ያቆስለዋል። ነጂው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ፈቀቅ እያለ የሚቀመጠው ለምቾቱ አይደለም፤ እሱ ራሱ የሚዛኑ ድንጋይ ነው።

ቅጂውን ገዝታችሁ ለመስቀል ካሰባችሁ ደግሞ ክፈፉ ላይ ተጠንቀቁ። የሥዕሉ ስፋት ለቁመቱ 1.42 ነው። 50 በ70 ክፈፍ ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ከስፋቱ 1.2 ሴንቲሜትር ብቻ ይጎድላል። 40 በ60 ከሆነ ከቁመቱ 2 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል፤ አታሚው ብዙ ጊዜ ከሰማዩ ይቀንሳል፣ ለኮንስታብል ግን የሥዕሉ ስሜት ያለው እዚያ ነው። 40 በ50 አትግዙ፤ ሳይቆረጥ ቢሆን 57 ሴንቲሜትር መሆን ከሚገባው ስፋት 7 ሴንቲሜትር ይጠፋል። ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይም አትስቀሉት። በርካሽ ቀለም ቀድሞ የሚለቀው ቀዩ ነው፤ በዚህ ሥዕል ላይ ዓይን የሚስበው ቀይ በፈረሶቹ ዕቃ ላይ ያለው ጥቂት ቦታ ነው። እሱ ሲደበዝዝ በዙሪያው ያለው አረንጓዴ ሁሉ አብሮ ይሞታል። ጥሩ ቅጂ መሆኑን ለማወቅ ከፊት ለፊት ያለውን የወንዙን ዳር እዩ። ኮንስታብል መጀመሪያ እዚያ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው አስገብቶ ነበር፤ ከዚያ በበርሜል ተካው፣ በርሜሉንም ቀብቶ አጠፋው፤ ጥላው ግን ዋናው ሸራ ላይ አሁንም ይታያል። ቅጂው ላይ ካለ አታሚው አላጸዳውም ማለት ነው።

እና ከጎን መቁረጥ ግድ ከሆነ ከግራው ይቆረጥ፤ የዊሊ ሎት ቤት ትንሽ ቢጎድለው ይችለዋል። ቀኙን አትንኩ። እዚያ፣ ከዛፎቹ ባሻገር ፀሐይ ያረፈበት መስክ ላይ፣ ጥፍር የሚያህሉ ሰዎች ሣር እያጨዱና እየከመሩ ሌላ ጋሪ እየጫኑ ነው። ባዶው ጋሪ የሚሻገረው ወደ እነሱ ነው።